ልጅቱ ምን አለች?

ዳባት ካለችው ልጄ ዘንድ ከርሜ ደባርቅ ወደ ወንዱ ልጄ ቤት የመጣሁ ጊዜ ነው። እኔ አንድ ቦታ መርጋት አላውቅበትም፤ እግሬ ይበላኛል። ደግነቱ የትም ብሄድ የልጅ ልጅ አላጣም። የደባርቋ ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዛ አጠገቤ ትቀመጥና ወደኛ ቋንቋ እየመለሰች ትነግረኛለች። መጽሐፉን ያመጣላት አባቷ ነው። ቡይት ራስ፣ ተራራው ላይ ካለው እንግዳ ማደሪያ ጥበቃ ነበር፤ አንዲት እንግዳ ትታው ብትሄድ ለልጁ ያዘላት።

የጻፈችው ወላጆቿ ከቻይና ሄደው አሜሪካ የወለዷት ሴት ናት አለችኝ። ብዙ ታሪክ አለበት፤ በሁሉም ውስጥ ዝም የምትል ሴት አትጠፋም። አንዷ አፍራ፣ አንዷ ተቆጥታ፣ አንዷም የሚሰማት አጥታ። እኔን የያዘኝ የልብስ ሰፊዋ ነገር ነው። ያገሩን ቋንቋ ስለማታውቅ ሐኪም ዘንድ የምታስተረጉምላት ልጇ ናት። እናት፣ «ጎኔን ከወጋኝ ቆየ፤ እንቅልፍ ነሳኝ» ትላለች። ልጅ ታፍርና ለሐኪሙ፣ «ትንሽ ደክሟት ነው» ትለዋለች።

«እናትየዋስ?» አልኩ።

«ዝም አለች፣ እምዬ።»

«ገብቷታል። ቋንቋው ባይገባት የልጇ ፊት ይገባታል።»

«አንቺስ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቅሁ። ሙሽራ ሆኜ አማቴ ፊት ቃል ሳይወጣኝ በጋና ክረምት አልፏል። ውሃ ሲጠማኝ ቅሉን ኳ አደርጋለሁ፤ የባሌ ታናሽ እህት ትሰማና ታመጣልኛለች። ጨዋ ተባልኩበት።

«ጨዋነት ነው ወይስ ጥም?» አለችኝ።

ይቺ ልጅ አፏ እንዲህ ነው፣ ከኔ ጋር ሲሆን። አባቷ ፊት ግን ድምጿ ይጠፋል።

በዚያው ሰሞን ከአምባ ጊዮርጊስ ሽማግሌ መጣባት። ሊያገባት የፈለገው ልጅ አባት እህል ነጋዴ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ነው። ልጄ «ልምከርበት» ብሎ ሰደዳቸው፤ የመከረው ግን ከራሱ ጋር ብቻ ነው። እሷ ለኔ፣ «አልፈልግም፣ እምዬ፤ ትምህርቴን ልጨርስ» አለችኝ። «ላባትሽ ንገሪው» ብላት መሬት መሬት አየች።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሎቹ ለቃሉ መጡ። ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ቆመው፣ «መልሳችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ። እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ነን። ልጄ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። እሺ ሊል ነው።

«አንተ» አልኩ ከጓዳ፣ «ልጅቱን ጠይቃት።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቅ ብለው፣ «እመይቴ፣ የሴት ልጅ ዝምታ መልስ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«መልስስ ነው። የትኛው መልስ እንደሆነ ነው ያልተጠየቀው።»

ተጠራች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«እህ?» አላት አባቷ።

ዝም። እኔ ከመጋረጃው በታች እግሯን ነው የማየው፤ አውራ ጣቷ መሬቱን ይቧጭራል። ቅድም የሳቁት ሽማግሌ፣ «እንግዲህ ተመስገን» ብለው ሊመርቁ ጀመሩ። እጄ ሳላዘው አጠገቤ ያለውን ቅል ኳ አደረገው።

ያኔ ተናገረች። ቀስ ብላ ነው፤ ጓዳ ድረስ ግን ተሰማ።

ዋናው ሽማግሌ ጆሯቸው የደከመ ቄስ ነበሩ። ወደ ልጄ ዞሩና፣ «ምን አለች?» አሉት።

የሰፊዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። ልጄ አሁን «አፍራ ነው፣ ምንም አላለች» ቢላቸው ነገሩ ያልቃል፤ ይመረቃል፣ ይበላል። ጉሮሮውን ደግሞ ጠረገ።

«‹አልፈልግም፤ ትምህርቴን ልጨርስ› አለች፣ አባ» አለ፤ እሳቸው እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

ቄሱ ያጣፉትን ጋቢ ፈቱ።

«እንግዲህ መልሳችሁን ሰማን» አሉ። «እንቀመጥና ውሃ አጠጡን፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

ልጅቱ ውሃ ልትቀዳ ጓዳ ገባች። ቅሉን አቀበልኋት።