ለአስመራ መንገድ የመረጥኩት ጎማ

እኔ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም። ብስክሌት እየገፋሁ ግን ከደሴ ኮምቦልቻ ወርጃለሁ፣ ዞሬም የሐረጎን አቀበት ወጥቻለሁ። የዚያን ቀን ድካም እስከ ዛሬ ከጉልበቴ የወጣ አይመስለኝም። ጊዜው ጣልያን አገሩን ይዞ መንገድ የሚቆፍርበት ጊዜ ነው። ሰው ሲያነሳኝ "ባሏን ጎማ መርጣ የሸኘች" እያለ ያመሰግነኛል፤ እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም እላለሁ። አሁን ግን ዕድሜዬም ሄዷል፣ የሚታዘበኝም ሰው አልቋል፤ እንደነበረው ልናገረው።

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ምላሱም ጣፋጭ ነው። ልቡ ግን ቤት አይቀመጥም። ስንጋባ ሸማኔ ነበር፤ ድሩን ዘርግቶ ጋቢውን ግማሽ ሳያደርስ "አስመራ ሥራ ሞልቷል ይላሉ" ብሎ ይነሳል። የቤታችንን ጣራ ግማሹን ከደነው፣ ግማሹን ተወው። ክረምት በመጣ ቁጥር ዕቃዬን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስጎትት እከርማለሁ።

ለአስመራ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። መጀመሪያ በቅሎ ተውሶ ሄደ፤ ከውጫሌ ተመለሰና "በቅሎዋ አነከሰችብኝ" አለ። በቅሎዋን ወጥቼ አየኋት፤ ከኔ የተሻለ ትረግጣለች። ሁለተኛው በእግሩ ነው። ወልድያ ደርሶ ተመለሰ፤ "ጫማው እግሬን በላው፣ ወላሂ መራመድ አቃተኝ" አለኝ። ውሃ አሙቄ እግሩን አጠብኩለት። እግሩ ምንም አልሆነም። ጎረቤት ሁለቱንም ጊዜ ተሰብስቦ ዱዓ አድርጎ ነበር የሸኘው። ሦስተኛ ሲነሳ ዱዓ የሚያደርግለትም ጠፋ፤ ሰውም ሰለቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሲሄድም ሲመለስም ችዬዋለሁ። ያደከመኝ ወጥ ስሠራ ለአንድ ይሁን ለሁለት አለማወቄ ነው። "ለገበያ ደርሼ መጣሁ" ብሎ ይወጣና ሦስት ሳምንት ይጠፋል። ሌላ ጊዜ ሻንጣውን አስሮ፣ ሰውን ሁሉ ተሰናብቶ፣ ማታውን ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ከኖሩ በኋላ ሰው እንቅልፉ ራሱ ዕረፍት አይሆነውም።

ብስክሌቱ የመጣው ከአንድ መንገድ ከሚለካ ጣልያን ነው። ባሌ ያን ሰሞን የዚያ ሰውዬ የመለኪያ ዘንግ ተሸካሚ ሆኖ ይሠራ ነበር። ጣልያኑ ወባ ይዞት ወደ አገሩ ሲመለስ ብስክሌቱን ትቶለት ሄደ። ለሩቅ መንገድ የተሠራ ብስክሌት ነው፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት አለው፣ መቀመጫው ሰፊ ቆዳ ነው። ሰውዬው አገሩን ዳር እስከ ዳር የዞረበት ነው እያለ ባሌ ላገኘው ሁሉ ይናገራል። ጎማዎቹ ግን ድርቆሽ ሆነዋል፤ ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ።

"ጎማ ካገኘሁ አስመራ ደረስኩ በይ" አለኝ። "አንቺ ነሽ የምትመርጪልኝ።"

የማላውቀውን ነገር አልነበረም የጠየቀኝ። አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ቆዳ መምረጥ ያስተማረው እኔን ነው። ሰኞ ገበያ ይዞኝ ይወጣና ቆዳውን በእጄ ያስይዘኛል። እጠፊው ይለኛል፤ የታጠፈበት ቦታ ነጭ መስመር ካወጣ ደርቋል። በጥፍርሽ ተጫኚው ይለኛል፤ ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ ደህና ነው። አሽትቺው። የጀርባ ቆዳ ሸክም ይችላል፣ የሆድ ቆዳ ይለጠጣል። እኔ ቆዳውን ስመረምር እሱ ሻጩን እያየ "ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል" ይል ነበር። ጎማ ከቆዳ ምን ይለያል? ሁለቱም ሸክም ይሸከማሉ፤ ሁለቱንም ፀሐይ ይገድላቸዋል።

ደሴ ላይ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። የተገኘው ቀጭን ጎማ ነው፤ ለከተማ ልጅ መንሸራሸሪያ ይሆናል እንጂ ሁለት ሻንጣ አይችልም። ደግሞም አይገጥምም። አባቴ የበቅሎ ሆድ ሲለካ እንደሚያደርገው የብስክሌቱን ክብ ብረት በሲባጎ ዙሪያውን ለክቼ ቋጠሮ አስሬበት ነበር፤ በየሱቁ ሲባጎዬን አወጣለሁ፣ ቋጠሮው አይደርስም ወይ ያልፋል። መጨረሻ ላይ አንዱ ነጋዴ "ከአሰብ የሚመጣው ዕቃ ኮምቦልቻ ነው የሚራገፈው፣ እዚያ ውረዱ" አለን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወረድን። በሶ በቅል ይዣለሁ። ሐረጎ ላይ ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ካሚዮኖቹ ሳይታዩ ነው ድምፃቸው የሚመጣው፤ በመጡ ቁጥር ብስክሌቱን ወደ ገደሉ ጠርዝ አስጠግተን እንቆማለን። ባሌ መንገዱን ሙሉ ያወራል። አስመራ መንገዱ ጠፍጣፋ ነው፣ አስመራ ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፣ አስመራ ሲደርስ ቤት ይዞ እኔን ያስመጣኛል። "እሺ" እላለሁ። ይኸን ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ሆኖም ድምፁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይኸን አልክድም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ሱቁ የካሚዮን ማቆሚያው አጠገብ ነው። ባለሱቁ ሽማግሌ ዓረብ ናቸው፤ አማርኛቸው ከኛ አያንስም። ሰላምታ ሰጥተን ገባን። ባሌ ገና ቁጭ ሳይል ዓይኑ በሩ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ጎማዎች ላይ አረፈ። ጎናቸው ቀይ ነው፣ ያምራሉ።

"ይኸን ነው የምፈልገው" አለ።

"እዚህ ከተሰቀሉ ስንት ጊዜያቸው ነው?" ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው።

"እህቴ፣ አዲስ ናቸው። ሰው አልነዳባቸውም።"

"እሱንስ አየሁ። የተሰቀሉት መቼ ነው ብዬ ነው።"

ሽማግሌው ሳቅ አሉና አንዱን አወረዱልኝ። አሸተትኩት፤ የጎማ ሽታ የለውም፣ አቧራ አቧራ ይላል። አጠፍኩት፤ መጀመሪያ ነጭ መስመር አወጣ፣ ጠበቅ ሳደርገው እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ብረቱን በሚነክሰው ከንፈሩ ውስጥ ያለው ሽቦም ዝጓል። ለደሴ ከተማ ይሆናል። ለሩቅ መንገድ፣ በጠጠር፣ በሁለት ሻንጣ፣ እንጃ። ወልድያን ማለፉን እጠራጠራለሁ።

"ጥላ ውስጥ የቆየ የለዎትም?" አልኳቸው።

አየት አደረጉኝና ወደ ጓዳ ገቡ። በጆንያ ጠቅልለው ያመጡት ጎማ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው። መልክ የለውም። ሽታው ግን አፍንጫ ይቆርጣል። በጥፍሬ ተጫንኩት፤ ጥፍሬን ሳነሳ ጉድጓዱ የለም። መሐሉ ላይ ጥልቅ ጥልቅ መስመር አለው፤ ጭቃ ላይ አያንሸራትትም፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ መሬቱን ይነክሳል። ሲባጎዬን አዞርኩበት፤ ቋጠሮው ከሲባጎው ጫፍ ገጠመ።

"ይኸ ነው" አልኩት ባሌን።

"ከባድ ነው" አለ።

"ሸክም የሚችል ሁሉ ከባድ ነው። ቀዩ ወልድያ ላይ ይከዳሃል።"

ባሌ ቀዩን ከእጄ ወሰደ። እኔ ያጠፍኩበት ቦታ ላይ አጠፈው። ስንጥቁን አየው፤ አውራ ጣቱን አስገባበት። ሲያየው አየሁት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቀዩን እንውሰድ" አለኝ።

"አይተኸዋል እኮ" አልኩት።

"አይቼዋለሁ። ቢሆንም ቀዩን እንውሰድ።"

ዓይኔን አያይም። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው የሚመለስበትን ሰበብ እየገዛ ነበር። በቅሎዋ፣ ጫማው፣ አሁን ደግሞ ጎማው። ቀዩን ብንወስድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቴ በር ላይ ቆሞ "ጎማው እምቢ አለኝ" ይለኛል። እኔም ውሃ አሞቅለታለሁ። ከወር በኋላ ደግሞ ስለ አስመራ ቧንቧ ይነግረኛል።

ሽማግሌው ሁለቱን ጎማ ይዘው ቆመዋል። ባሌ ያለኝ "አስቀሪኝ" ነው፤ በአፉ ስላላለው አልሰማሁም ማለት አልችልም። እንደ ሌላ ጊዜ "እንዳልክ" ብዬ ብተወው ያው ነበር። ግን እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ አቧራ ለብሼ፣ ያን አቀበት ደግሞ ልወጣው እንደሆነ እያሰብኩ፣ አንድ ተጨማሪ ሰበብ የምሰማበት አቅም ከየት ላምጣ?

"ጥቁሩን ይስጡን" አልኳቸው።

ባሌ ቀዩን መልሶ ሰጣቸው። ከፈለ፤ ሱቁ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጎማዎቹን አስገባለት፣ ውስጡ የሚነፋውንም አዲስ አደረገለት።

ሰው ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ ቢጠይቀኝ ሁለት መልስ አለኝ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። አንደኛው፣ የሚያሳብብበት ነገር ሁሉ ይጥፋና፣ ከተመለሰም "ናፍቀሽኝ ነው የመጣሁት" ብሎ ይመለስልኝ ብዬ ነው። ስድስት ዓመት ያን ቃል ጠብቄያለሁ። ሁለተኛው፣ ይሂድልኝ፣ ልተኛ ብዬ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ያኔም አልመዘንኩትም።

ስንመለስ ሜዳውን ትንሽ ነዳው። ጎማው ጠጠሩን ሲረግጥ ድምፅ እንኳ የለውም። አቀበቱ ሲጀምር ወርዶ አብረን ገፋን፤ እሱ ከመሪው፣ እኔ ከኋላ። ስንወርድ መንገዱን ሙሉ ያወራ ሰው፣ ስንወጣ አንድ ጊዜ "ደከመሽ?" ብቻ ነው ያለኝ። ደከመኝ አልኩት። ሐረጎ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን የቀረችንን በሶ በልተን ቤታችን ገባን።

ከሳምንት በኋላ፣ ጠዋት፣ ሻንጣውን ጫነ። ጎማውን ነፋና "እስቲ ጨብጪው" አለኝ። ጨበጥኩት።

"ይበቃል" አልኩት።

ቆመ። መንፊያውን አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። የታሰረውን ገመድ ጠበቅ አደረገ። ሌላ ነገር እንድል የሚጠብቅ መሆኑ ታውቆኛል። እኔም ይበል ብዬ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ "በሰላም ግባ" አልኩት፤ "አሚን" ብሎ ሄደ።

በመጀመሪያው ሳምንት ውጫሌ ላይ ይመለሳል ብዬ ገመትኩ። ቀጥሎ ወልድያ ላይ። ወጥ የምሠራው ለሁለት ነበር፤ የተረፈውን ለጎረቤት እሰጣለሁ። ወር ሲሞላ ለአንድ መሥራት ጀመርኩ። ያን ጊዜ አላለቀስኩም። እንዲያውም ተኛሁ፤ ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ጠዋት ስነሳ ግን የሚጠብቀኝ ነገር ጠፍቶብኝ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አረፍዳለሁ።

ብዙ ወራት አለፉ። አንድ ቀን የካሚዮን ሹፌር ቤቴን ጠይቆ መጣ፤ የአስመራ ሰው ነው፣ ትሁት። በሩ ላይ ቆሞ ባልሽ ሰላም ብሎሻል አለኝ። ግባ ስለው መኪናውን ትቶ እንደማይቆይ ነገረኝ።

"ደረሰ?" አልኩት።

"ደርሷል። ደህና ነው። በዚያ ብስክሌት ዕቃ ያመላልሳል። ጎማው እስከ አስመራ አንድ ቀን እንኳ አልተነፈሰብኝም በላት ብሎኛል።"

"ደግ" አልኩ። የበሩን መቃን ያዝኩ።

ሹፌሩ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። "ሌላም ነገር አለ" አለ። "ብመጣ ትወዳለች ወይ ብለህ ጠይቃት ብሎኛል። ነገ ነው የምመለሰው። ና ብላለች ልበለው?"

እኔ የጠበቅኩት በራሱ እግር፣ ሳይጠይቅ እንዲመጣ ነው። እሱ ደግሞ እኔ እስክጠራው ይጠብቃል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየተራ እንዲህ ስንጠባበቅ እንደኖርን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ታየኝ። ተናደድኩ፤ ናፈቀኝም። ሹፌሩ መልስ ይጠብቃል።

"እንዳሻው በለው" አልኩት።

"ይኸው ብቻ?"

"ይኸው ብቻ።"

አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሰውም ወረቀትም አልመጣም። ና ብል ኖሮ ይመጣ ነበር፤ ያን በሩ ላይ ቆሜም አውቀው ነበር። አንዲቷን ቃል ማውጣት ደከመኝ።