መረብ የሚጠግን እግር

ልጄ የባሕር ሳይንስ ተማሪ ናት። የምትማርባት የኮሎምበስ ከተማ ባሕር የላትም፤ ስለዚህ ዘንድሮ ሰመር ላይ ክፍሉ በሙሉ ውቅያኖስ ዳር ወርዶ ሦስት ሳምንት ዓሣ በመረብ ሲሰበስብ ከረመ። ከተማዋ ዳር ሬይኖልድስበርግ ያለው ቤታችን ስትመለስ ልብሷ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ እሷ ግን ምንም አላፈረችም። ከአፏ የማትለየውን ሰው ደግሞ በወሬዋ ይዛብን መጣች፦ ፕሮፌሰሯን።

ፕሮፌሰሬ እንዲህ አለ፣ ፕሮፌሰሬ እንዲህ አደረገ። እራት ላይ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሰውዬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ የመረቡን አንድ ጫፍ ይዟል፣ ሌላውን እሷ ይዛለች፤ ጎን ለጎን እየጎተቱ ይስቃሉ። የያዟቸውን ዓሦች ለክተው፣ መዝግበው፣ መልሰው ይለቋቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነዚህ ምሁራን ናቸውና ይለቃሉ። በቀልድ ላልፈው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ቀናሁ። በስድሳ ዓመቴ በአንድ ፕሮፌሰር ቀናሁ።

እኔ የዝዋይ ልጅ ነኝ። አባቴ ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ፊደል ሳልቆጥር መረብ ጎትቻለሁ። ለትምህርት አዲስ አበባ ስገባ ግን የክፍሌ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው "ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ በእኔ አፍ ነጋዴ ሆነ። ለሚስቴም ነጋዴ፣ ለልጄም ነጋዴ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በጻፈችው ድርሰት ላይ "ከቤተሰቤ መረብ የነካ ሰው የለም" ብላ ነበር። አነበብኩና "ጎበዝ" አልኳት።

በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ የተቀደደ መረብ ዘርግታ አገኘኋት። ልትጠግነው ከትምህርት ቤት ይዛው መጥታ ኖሯል።

"አባዬ፣ ይሄን ሆልድ አድርግልኝ" አለችኝ።

ያዝኩላት። ቋጠሮዋን ሳየው ይንሸራተታል።

"ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?"

"ፕሮፌሰሬ። ሂ ኢዝ ዘ ቤስት።"

"የሱ ቋጠሮ አንድ ቆሮሶ እንኳ አይችልም!"

ቆሮሶ የዝዋይ ዓሣ ነው፤ እሷ ስሙንም ሰምታው አታውቅም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ አፌን መዝጋት ሲገባኝ የመረብ መስፊያውን መርፌ ከእጇ ነጠቅኩ። ያን ሰውዬ ከማሸነፍ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅኩ፤ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ የመረቡን ጠርዝ በእግሬ አውራ ጣት ወጠርኩት፣ አባቴ እንደሚያደርገው። አርባ ዓመት ያልሠሩ ጣቶቼ ሳይጠየቁ ሠሩ። አንዱን ቀዳዳ ዘጋሁ፤ ሁለተኛውን ዘጋሁ። ቀና ስል ልጄ የምታየው መረቡን ሳይሆን እግሬን ነው።

"ዳድ፣ ሀው ዱ ዩ ኖው ዚስ?"

"አያትሽ ነጋዴ አልነበረም" አልኳት። ሐይቁን ነገርኳት፣ መረቡን ነገርኳት፣ የክፍሌን ልጆችም ነገርኳት።

ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። ልክ ፕሮፌሰሯን ስታነሳ እንደምትፈካው ትፈካለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የጠገንኩትን በጣቷ ቋጠሮ በቋጠሮ ዳሰሰች። ከዚያ ንጹሑን አማርኛዋን አመጣችው፤ ስትቆጣ ብቻ የምታወጣውን፣ እንግሊዝኛ የማይገባበትን አማርኛ።

"ታዲያ አንተ እያለህ ለምን ሌላ ሰው አስተማረኝ?"

ጫማዬን ፍለጋ አጎነበስኩ።