ዘሀራ ያልጨረሰችው ጦርነት

ባለፈው ሳምንት ዱባይ ተራ ለልጅ ልጄ ልብስ ስመርጥ፣ ሻጩ ካባ ለብሶ የሚበር ሰው የታተመበትን ካናቴራ ከላስቲኩ ሲያወጣው የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሳላስበው በደርግ ጊዜ ወደነበረችው የአባቴ ልብስ ስፌት ሱቅ ተመለስኩ።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መርካቶ የከፈታት ሱቅ ጠባብ ነበረች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን እኛ ትንንሾቹ በቁራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተኮልኩለን፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረችው ታላቅ እህቴ ዘሀራ የምትጽፈውን ልብ ወለድ ከትምህርት መልስ ስታነብልን እንሰማ ነበር። በእሷ ታሪክ ጣሊያን ከአገራችን አልወጣም፣ ጦርነቱም አላበቃም፤ የሚዋጉትም ተአምረኛ ኃይል ያላቸው የመርካቶ ሰዎች ናቸው፦ ታንክ እንደ ጤፍ ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጥ ኩሊ፣ ነጠላዋን ስታራግፍ አንድ ሻለቃ ጦር የምታስነጥስ በርበሬ ነጋዴ። ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። እየቆየ ግን በታሪኩ ውስጥ ወታደሮች ቤት ለቤት እያሰሱ ወጣቶችን መውሰድ ጀመሩ፣ እናቶችም ማልቀስ ተከለከሉ፤ ይሄንን ደግሞ ከሰፈራችን እናውቀው ስለነበር ሳቃችን ጠፋ።

አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ለማ የሚባል የቀበሌ አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጋረጃውን ገለጠ። ዘሀራ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ቀጥይ እንጂ» አላት።

ዘርግታው ካቆመችበት ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ የሚሰፋ ልብስ ሳይኖረውም ይመጣ ጀመር፤ ግድግዳ ተደግፎ ያዳምጣል፣ ኩሊው ሲቆስል ፊቱ ይጨልማል። ሲስቅም ሲኮሳተርም እንፈራው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጣና ሳይቀመጥ፣ «ጋሼ ኢብራሂም፣ ነገ ጠዋት አሰሳ አለ። የሷ ስም ተነስቷል» አለው አባቴን። ከዚያ ወደ ዘሀራ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኩሊው ይሞታል?»

«ገና አልጨረስኩትም» አለችው።

አባቴ ወረቀቱን በሙሉ የከሰል ካውያው ውስጥ እየጠቀጠቀ አቃጠለውና፣ እጁ አላርፍ ስላለው ነው መሰለኝ፣ በዚያው ካውያ የሰው ሱሪ መተኮስ ጀመረ። ዘሀራ ሳይመሽ እህል አራግፎ ወደ ደሴ በሚመለስ የጭነት መኪና ሄደች። ሾፌሩ በኋላ እንደነገረን ኬላ ላይ ወታደሮች አስወርደዋታል። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ለማም ከሰፈሩ ጠፋ፤ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዛሬ ከወንድሞቼ ጋር ስንገናኝ የታሪኩን መጨረሻ እየገመትን እንከራከራለን። ኩሊውን ከነላቡ፣ በርበሬ ነጋዴዋን ከነአነጋገሯ ዛሬም አያቸዋለሁ። የነበረን አንድ ፎቶ ግን የትምህርት ቤት መታወቂያዋ ላይ ያለው ነበር፤ እሱንም ይዛው ሄደች፤ የዘሀራ ፊት ቀስ በቀስ እየጠፋብኝ ነው።