ሐኪሟ ስለ ልጆቻቸው ስትጠይቅ

ጅቡቲ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩበት ቀን፣ ርዕሰ መምህራችን ጠመኔ ከሰጡኝ በኋላ ፈረንሳይኛ ከቻልኩ የወላጆችም አስተርጓሚ እንደምሆን ነገሩኝ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ከአንዲት እናት ጋር ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ጋሽ ታደሰ (ስማቸውን በፈቃዳቸው ለውጫለሁ) ዶራሌ ወደብ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዟቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸዋል። ትንሿን ልጃቸውን ስለማስተምር የምርመራ ውጤት ለመስማት አብሬያቸው ገባሁ።

ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳች። በደማቸው ውስጥ በዘር የሚተላለፍ የዘረመል ምልክት ተገኝቷል። ምልክቱ ራሱ ካንሰር አይደለም። ያለበት ሰው ግን በቀረው አንጀቱ ላይ እንደገና ካንሰር የመውጣቱ ዕድል ከሌላው ታማሚ ይበልጣል። ስለዚህ አንጀታቸው በየዓመቱ በካሜራ መታየት አለበት። እኔም ክፍል ውስጥ እንደማደርገው አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው።

ቀጥላ ልጆች እንዳሏቸው ጠየቀች። እያንዳንዱ ልጅ ምልክቱን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው አለች። ይህንንም ተረጎምኩላቸው።

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። "ይሄን ዝለይው።"

ምክንያታቸውን አውቀዋለሁ። ለትልቋ ልጃቸው ለሂሩት ሽማግሌ ሊመጣ ነበር። እኛ ዘንድ ለጋብቻ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሟቾቹ በምን እንደሞቱ ግን አይነሳም። በዘራቸው በሽታ አለ ከተባለ ነገሩ ይቀራል ብለው ፈሩ።

"ጋሼ፣ እኔ የሚሉትን ነው የምተረጉመው። 'ልጅ የለኝም' ይበሉና እሱኑ እነግራታለሁ።"

"ለዛሬ እንኳ ፈረንሳይኛው ቢጠፋብሽ ምን ነበረበት?"

ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሐኪሟ ጥያቄዋን ደገመች።

"እህቴ በሆድ ሕመም ነው የሞተችው" አሉ መሬት መሬት እያዩ። "ያኔ የሂሩትን ዕድሜ ብታክል ነው።" ቀና አሉና "ልጆቼ ሦስት ናቸው። ንገሪያት" አሉኝ።

ነገርኳት። ለአካለ መጠን የደረሰችው ሂሩት ብቻ ስለነበረች እሷ ተመረመረች። ምልክቱ ተገኘባት። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቷ ራሳቸው ስለ ምልክቱ ነገሯቸው። እነሱም ተመካክረን እንመለሳለን ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ሂሩት አንጀቷ በካሜራ ሲታይ ገና ወደ ካንሰር ያልተለወጠ ዕጢ ተገኘና ወጣላት። አሁን ሥራዋ ላይ ናት። በየዓመቱ ከአባቷ ጋር ለምርመራ ትሄዳለች።

ለሚያስተረጉሙ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ጥያቄ አትዝለሉ። መልሱ የታማሚው ነው።