ተዝካራቸውን የበላሁላቸው ሰው

«ከመቱ ነህ?» አሉኝ አንድ ጎልማሳ፣ ከቡናው ጆንያ ጫፍ ላይ እየተቀመጡ። ከጓደኛዬ ጋር በኦሮምኛ ስንቀላለድ ሰምተውን ኖሯል። ሱዳን ናስር ወደብ ላይ መርከብ እየጠበቅን ነበር።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው። እኔ ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ትቼ የአንድ የጎሬ ነጋዴ ቡና በጋምቤላ በኩል ሱዳን እያደረስኩ እመለሳለሁ። ወደ ሱዳን የተሰደደ ብዙ ስለሆነ፣ ስመለስ የሰው ሰላምታም መርዶም ይዤ ነው የምገባው።

«መቱም እደርሳለሁ» አልኳቸው።

«የኮርቻ ሰፊው የተሰማ ቤትስ ደኅና ነው?»

ባለፈው ጉዞዬ እዚሁ ወደብ ላይ አንድ ጀልባ ቀዛፊ «ተሰማ በወባ ሞተ» ብሎኝ፣ ለሚስታቸው ለእትዬ አስካለ መርዶውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሰውየውን በዓይኔ አይቻቸው ባላውቅም ተዝካራቸውን በልቻለሁ።

«እሳቸውን እንኳ ነፍስ ይማር» አልኩ። «ዘመድዎ ናቸው?»

«ራሴ ነኝ።»

ለካ ሴትዮዋን በሕይወት ላለ ባሏ አስለቅሻታለሁ። ብድግ ብዬ «ጋሼ፣ ይማሩኝ! አንድ ቀዛፊ ነግሮኝ ባለቤትዎን ያረዳሁት እኔ ነኝ፤ እንደተመለስኩ በቀጥታ ሄጄ መኖርዎን እነግራቸዋለሁ» ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ቀዛፊውን ለመቱ መንገደኛ ሞተ በል ብዬ የላክሁት እኔው ነኝ። ጣሊያኖቹ የሸፈተ ባልሽን አምጪ እያሉ ሚስቴን በየሳምንቱ እየጠሩ ያንገላቷት ነበር። ይልቅ ንገረኝ፣ አሁንስ መጥራቱን ተዉላት?»