የእናቴ ግጥም፣ የአባቴ ክራር

የክራር ክር ሲወጠር የሚያሰማው፣ ገና ዜማ ያልሆነው ድምፅ ባለፈው ሰሞን ቦሌ ውስጥ አንድ ግቢ ተቀምጬ ሳለ ድንገት ወደ ልጅነቴ መለሰኝ። ከቡልቡላው ኮንዶሚኒየማችን አውጥታ እዚያ የወሰደችኝ የልጅ ልጄ ሊዲያ ናት። ዘፈን የሚደርሱ ወጣቶች በጥቂት ሰው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በየተራ መጀመሪያ ዘፈኑ ከየት እንደመጣላቸው ያወራሉ፣ ከዚያ ይዘፍኑታል። አንዲት ክራር የያዘች ልጅ «ይህን የጻፍኩት ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ ነው» ስትል ጆሮዬ ቆመ። ግጥም ከየት እንደሚመጣ የማወቅ ጉጉት ልጅ ሆኜ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ በቤታችን ግን ይህን የሚጠይቅ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ቤታችን ወሎ ሰፈር ነበር። አባቴ በላቸው መካኒክ ሲሆን፣ እሑድ አመሻሽ ላይ እጁን በኬሮሲን አሽቶ፣ በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ፣ ከጋራዥ ባመጣው ቀጭን ሽቦ ክር የሠራለትን ክራር ይዞ በር አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። አንዱ ወንድ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አባቴ በክራሩ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ሴቶቹም ወንዶቹም እያጨበጨቡ ይደግሙታል። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ ምንም ስለማይሰማ፣ አባቴ ጣቱን ክሩ ላይ እንዳሳረፈ፣ አጨብጫቢውም እጁን ከፍቶ እንደያዘ ይጠብቅና ድምፁ ሲርቅ ካቆሙበት ቃል ይቀጥሉ ነበር። የእንግዶቹ ግጥም ሲያልቅ አባቴ ከራሱ ይጨምራል፤ የሱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ «የበላቸው ግጥም» እያለ ሳምንቱን ይዞት ይከርም ነበር።

ክረምት ላይ፣ ከዝናቡ የተነሳ ከቤት መውጣት ሲከለከል፣ እናቴን የማየት ጊዜ አገኘሁ። እናቴ አስካለ ምስር ስትለቅም ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ ግን አንዳንዴ ትቆምና ፈገግ ብላ፣ አንድ ቃል ለውጣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች፣ ጸሎት ደግሞ እንዲህ አይባልም። ጠጋ ብዬ የሰማኋትን ቁራጭ እሑድ ማታ ከአባቴ አፍ እሰማዋለሁ። እሱ አስተምሯት ይሆን? ወይስ እሷ ሰጥታው? መጠየቅ አፍሬ ሳይሆን፣ ብጠይቅ እንደማይነግሩኝ ስለማውቅ፣ በራሴ ልደርስበት ቆረጥኩ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ክራሩ በነጠላ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር። አባቴ እስከ ፋሲካ አይነካውም፣ ዘፈን የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም፤ ከጋራዥ ሲመለስ በልቶ ይተኛል። የእናቴ ከንፈር ግን አላረፈም። ልብስ ስታጥብም፣ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስም ይንቀሳቀሳል። ታዲያ ከማን እየተማረች ነው አልኩ ለራሴ።

የፋሲካ ማግስት ቤቱ ሞላ። አባቴ ክራሩን አውርዶ ቃኘና፣ እንግዶቹ የየራሳቸውን ከሰጡ በኋላ እንዲህ ብሎ ዘፈነ፤

ቦኖ ተሰልፌ እንስራዬን ይዤ፣
ተራዬ አለፈኝ አንቺን ሳስብ ፈዝዤ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ቦኖው አጠገብ ሱቅ የነበራቸው ልብስ ሰፊው ጋሽ ተካ «በላቸው፣ እንዲህ ያለውን ከየት ታመጣዋለህ?» አሉት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ «እንዲሁ ይመጣልኛል» አለ።

እኔ ከእናቴ እግር ስር ተቀምጬ ነበር። «አባዬ ቦኖ ተሰልፎ አያውቅም» አልኩ። «እንስራ የምትይዘው እማዬ ናት። ግጥሙም የሷ ነው።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። ከዚያ ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አውልቀው «እውነቷን እኮ ነው» አሉ። «ስንት ዘመን እዚያ ስሰፋ አንድ ቀን እንኳ እንስራ ይዘህ አላየሁህም። ወይስ እኔን ደብቀህ ነው የምትቀዳው?» ሰው በሳቅ ወደቀ። አባቴ ክራሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሽቦውን መመርመር ያዘ። እናቴ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች፤ ተከትያት ጓዳ ገባሁ።

«ማን ጠበቃ አደረገሽ አንቺን?» አለችኝ።

«ያንቺ ነዋ።»

«የኔ መሆኑን እኔ አውቃለሁ።»

«ሌላው አያውቅማ።»

ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለአባቴ ግጥም አልሰጠችውም። አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም፤ ዝም ብላ ምስሯን ትለቅማለች።

በቀጣዩ ክረምት የእሑዱ ጨዋታ መድረቅ ጀመረ። አባቴ አሮጌውን ግጥም መላልሶ ይዘፍናል፤ ሰው በትሕትና ያጨበጭባል፣ ዝናቡን አሳብቦ በጊዜ ይሄዳል። «በላቸው፣ ቦኖው ደረቀ እንዴ?» ይሉታል ጋሽ ተካ ጃንጥላቸውን እያነሱ። ሰው ከነጭራሹ የቀረበት እሑድም ነበር። እነዚያ ምሽቶች እንዳይቀሩብኝ ፈርቼ ነበር፤ ያልኩትን ግን መልሼ ልውጠው አላሰኘኝም። እናቴን ፈርቼ አባቴን ባባብለው፣ አባቴን ፈርቼ እናቴን ባባብላት፣ ማንኛውም ትክክል አልመስል ስላለኝ ጠበቅሁ።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ እንግዳ እንደ ድሮው ተሰበሰበ። አባቴ ክራሩን ቃኝቶ ሳይጫወት ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ሌላ በርጩማ አመጣና ከራሱ በርጩማ አጠገብ፣ እኩል፣ አስቀመጠው።

«አስካለ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለ። «ግጥሙ የሷ ነው፤ እኔ የምጮህ ብቻ ነኝ» አለ ወደ ሰው ዞሮ።

እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። አንዲት ሴት ጎረቤታችን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። በዚህ መሃል አውሮፕላን መጣ፤ ብርጭቆው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ጠበቀ፣ አባቴም አይኑን ከእሷ ሳያነሳ ጠበቀ። ድምፁ ሲርቅ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ተቀበል» አለችው።

ብዙ ቆሜያለሁ እንስራዬን ይዤ፣
ዛሬ ተራዬ ነው፣ አልቆምም ፈዝዤ።

አባቴ ተቀበለ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሰበር አለ፣ ከዚያ ተስተካከለ። ሴቶቹ እንዲያ አድርገው ሲያጨበጭቡ ያኔ ነው ያየሁት። ጋሽ ተካ «ወይ በላቸው፣ ስንት ዘመን አታለልከን» ብለው እየሳቁ ደገሙት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሴት ወንድ ሳይባል ግጥም ያለው ሁሉ «ተቀበል» ማለት ጀመረ፤ ሰፈሩም «የአስካለ ግጥም» ማለትን ቀስ እያለ ለመደ።

ቦሌ ግቢ ውስጥ ያየኋት ልጅ ግጥሟ የራሷ መሆኑን ራሷ ተናገረች፣ ዜማውን ያገዛትን ልጅም በስሙ ጠርታ አስነሳችው፤ ከሥር ተቀምጣ የምትመሰክርላት ሕፃን አላስፈለጋትም። ይህን በማየቴ ደስ አለኝ፣ ትክክሉም እንዲህ ነው። ዘፈኗ ሲያልቅ ግን ለሊዲያ «አሁን እኛ ነን ግጥም የምንሰጠው?» አልኳት። «እማማ፣ እዚህ ማዳመጥ ብቻ ነው» አለችኝ፣ ስልኳን እንደደገነች። ዙሪያዬን አየሁ። ያ ሁሉ ሰው ከሥራ መጥቷል፣ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ውሏል፣ በየአፉ ውስጥ አንድ ግጥም አይጠፋም። አጨበጨብን፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ዘፋኝ ዝም ብለን ጠበቅን።