ያልተነበቡት ሦስት ገጾች

ቅዳሜ ማለዳ ነው። ታካዳኖባባ ውስጥ፣ ሳንቲም እየጎረሱ ልብስ የሚያጥቡ ማሽኖች ባሉበት ቤት፣ አንዱ ማሽን ሥራውን ጨርሶ ባለቤቱን ይጠብቃል። ባለቤቱ የለም። ወይዘሮ ዪን ሜይ፣ ሰፈሩ በእኛ በበርማዎች አጠራር ዶ ዪን ሜይ የሚላት፣ የራሷን አንሶላ አስገብታ ከተቀመጠች በኋላ ግራ ቀኙን አየች። ተነሥታ የማታውቀውን ሰው እርጥብ ልብስ ወደ ማድረቂያው አዛወረች፤ ሳንቲሙንም ከራሷ ቦርሳ አወጣች። ሲደርቅ አጣጠፈችው፤ ካልሲዎቹን ሳይቀር ጥንድ ጥንድ አደረገቻቸው። ከፈረቃ የተመለሰ የሚመስል፣ ዓይኑ ያበጠ ጎልማሳ ሲገባ ግን ጋዜጣ ዘቅዝቃ ይዛ የምታነብ መሰለች። ሰውየው ክምሩን አየ፣ ማሽኑን አየ፤ ጃፓን ውስጥ የማይሆን ነገር የለም ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ለማሽኑ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ይህን ያየው ይህን የሚጽፈው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በአጋጣሚ ከማድረቂያው ጀርባ የጠፋ ቁልፍ ይፈልግ ነበር።

ሰፈሩ ስለ ዶ ዪን ሜይ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። ሃያ ሰባት ዓመት፣ መጀመሪያ ሳህን በማጠብ፣ አሁን የሆቴል አልጋ በማንጠፍ ቶኪዮን ስታገለግል፣ ለሰው ሁሉ የምትናገረው አንድ ታሪክ አላት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ያንጎን ውስጥ ፊልም ሠርታለች። ሙሽራዋን ሆና አይደለም። የሙሽራዋን እህት ሆናም አይደለም። በመጨረሻው የሠርግ ትዕይንት አበባ ከሚበትኑት አምስት ልጃገረዶች ከግራ ሦስተኛዋ ነበረች። ፊልሙን ግን እሷም አይታው አታውቅም። ሲኒማ ቤት በገባበት ሳምንት አባቷ ወሬውን ሰሙና ለቤተሰቡ ክብር ሲሉ ወንዙ ዳር ወዳለችው አክስቷ ሰደዷት፤ እዚያ የሚታይ ነገር ቢኖር ዳክዬ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ጠፋ። ማስረጃ የሌለው ዝና ደግሞ ለሰፈር ትልቅ በረከት ነው።

የሸቀጥ ሱቁ ባለቤት ኮ ፍዮ ዌይ የዓሣ ድልህ ልትገዛ በገባች ቁጥር፣ "ተዋናይቷ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ" ይላል። "እትዬ፣ ዛሬ በገንዘብ ነው በፊርማ?"

"በገንዘብ። ፊርማዬን አንተ አትችለውም።"

"ከግራ ስንተኛ ነበር ያልሽኝ? ባለፈው ሁለተኛ ያልሽኝ መሰለኝ።"

"ሁለት ያልኩህ የሽንኩርቱን ኪሎ ነው። እሱንም አጉድለህ ነው የመዘንከው።"

ዘንድሮ ማኅበራችን የበርማ ፊልም ፌስቲቫል አዘጋጀ። ፌስቲቫል ይባል እንጂ ፊልሙ አንድ ነው፤ ንግግሮቹ ሦስት ስለሆኑ ግን ተደምረው ፌስቲቫል ይወጣቸዋል። ፊልሙ ከአንድ ሟች ሲኒማ አጫዋች ቤት ጣሪያ ሥር ተገኝቶ የጸዳ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። ያው የእሷ ፊልም ነበር። ዶ ዪን ሜይ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን ምግብ አልወርድ አላት፤ በአራተኛው ቀን ሄዳ ለኮ ፍዮ ዌይ ከፊተኛው ረድፍ ወንበር ያዘችለት።

አዳራሹን የተከራየነው ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ያንጎን ያለው ኮከብ ቆጣሪ ግን በስልክ ሲጠየቅ የመክፈቻው በጎ ሰዓት አምስት ከዘጠኝ ደቂቃ ነው አለ። በዚያ ሰዓት አዳራሹ የሌላ ሰው ነው። ሊቀ መንበራችን ኡ ታን ጃውንግ የማይፈቱት ችግር የለም። "ኮከቦቹ የአገራችን ልጆች ናቸው፤ የሚያውቁት የያንጎንን ሰዓት ነው" አሉ። በቶኪዮ ሲመነዘር ሰባት ከሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ስለዚህ ሁለት መቶ ሰው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ፣ "መብላት ክልክል ነው" ከሚለው ማስታወቂያ ሥር የሻይ ቅጠል ሰላጣውን እየበላ፣ ኮከቦቹ እስኪደርሱ ጠበቀ።

የአዳራሹ ጠባቂ ኩዋባራ ሳን፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሽማግሌ፣ መጥተው እጅ ነሡና አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው መብራት እንደሚያጠፉ ተናገሩ። ኡ ታን ጃውንግም እጅ ነሥተው "ገብቶኛል" አሉ። ኩዋባራ ሳን ጥቂት ቆይተው ተመለሱ፤ እንደገና እጅ ነሥተው ያንኑ ተናገሩ። ሊቀ መንበራችን ልመና መስሏቸው ነበር። ልመና አልነበረም።

ሦስቱ ንግግሮች ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ አለቁ። ሦስቱም ጊዜ ውድ መሆኑን የሚያስረዱ ነበሩ። ፊልሙ ልክ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ስምንት ከሃምሳ ላይ ካልተጀመረ ሠርጉ ሳይደርስ መብራት ይጠፋል። ይህን ከዶ ዪን ሜይ በቀር ያሰላ ሰው አልነበረም።

የቀረው የለጋሾች ስም ነው። ስም ሲባል ግን ስም ብቻ አይደለም፤ ለጋሹ፣ ሚስቱ፣ የተወለዱበት ከተማ፣ በጎ ሥራው እንዲደርሳቸው የተመኙላቸው ሙታን፣ አንዳንዴም የሙታኑ አማቶች ይጠራሉ። እያንዳንዱ ሲያበቃ አዳራሹ ሦስት ጊዜ "ታዱ" ይላል፤ መልካም ተደረገ ማለቱ ነው። ስሙ ያልተጠራ ሰው ምጽዋቱ መንገድ ላይ እንደቀረ ይቆጥረዋል። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከገዳም እስከ ሠርግ ድምፅዋ ከተመሰገነው ከዶ ዪን ሜይ የተሻለ አይገኝም። እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ እሺ ብላ ነበር። ዝርዝሩ ዘጠኝ ገጽ ነው።

መድረክ ላይ ወጥታ እንደ ውሃ ታንቆረቁረው ጀመር።

"እትዬ፣ ባቡር ሊያመልጥሽ ነው እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"የባለቤቴ ስም ተውጧል" አለ ሌላው ቆሞ። "ለእሷ ነው የሰጠሁት። ይደገም።"

ደገመችው። አዳራሹም ታዱውን ደገመ። ኡ ታን ጃውንግ ማይክራፎኑን ጠጋ ብለው፣ "በርጋታ፣ በርጋታ፤ በጎ ሥራ አይሯሯጥም" አሉ።

ስድስተኛው ገጽ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ከአርባ ሰባት ይላል። ዶ ዪን ሜይ ሰዓቱን አየች። ኮ ፍዮ ዌይን አየች፤ በያዘችለት ወንበር ተንጋልሎ ያዛጋል። ጣቷን በምላሷ አረጠበችና ሦስቱን ገጾች በአንድ ላይ ገልብጣ፣ በቃሏ የምታውቀውን የማሳረጊያ ምርቃት ጀመረች። አዳራሹ ከልቡ ሦስት ጊዜ ታዱ አለ። የጠራችውን የቆጠረ አልነበረም፤ ሰው ከራሱ ስም በኋላ ጆሮው ያርፋል።

ፊልሙ በሰዓቱ ተጀመረ። ለሁለት ሰዓት ያህል ፍቅረኞቹ ተለያዩ፣ አለቀሱ፣ ታመሙ፣ ታረቁ። ችግሩ የእኛ ሰው ፊልም ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያውቃል። ከታረቁ ምን ቀረ? ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የሞሂንጋው የዓሣ ሾርባ ክዳኑ ተከፍቶ ሽታው ገብቷል። የሠርጉ ከበሮ ሲመታ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ።

"ተቀመጡ" አለች ዶ ዪን ሜይ። "ኧረ ባካችሁ ለሁለት ደቂቃ።"

ቅድም አዳራሹን የሞላው ድምፅ አሁን ከወንበሮቹ ጩኸት በላይ አልወጣም። በሁለት ሰዎች ትከሻ መካከል ግን አየቻት። ከግራ ሦስተኛዋ ቀጭን ልጅ አበባውን በተነች፤ አትዪ የተባለችውን ካሜራም ቀና ብላ አየች። ከዚያ ሙሽሮቹ መጡ፣ አለቀ፤ ኩዋባራ ሳንም እጅ ነሥተው መብራቱን አጠፉ።

ኮሪደሩ ላይ ኮ ፍዮ ዌይ ሰሃኑን ይዞ ከሰልፉ አንደኛ ነበር። "እህ፣ ፊልሙ ላይ ወጣሽ እትዬ?"

"ወጣሁ።"

"እኔ እንኳ እንቁላሉ እንዳያልቅ ብዬ... ለከርሞ አይሻለሁ።"

ያልተነሡት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ዶ ኦን ቺት ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ሰው ካልደገፈው አይነሣም። ዶ ዪን ሜይ ልትደግፋቸው ተመለሰች።

"ካሜራውን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ሦስተኛዋ" አሏት።

ዶ ዪን ሜይ እጃቸውን እንደያዘች ቀረች። "አዩኝ እማማ?"

"ምን ላድርግ፣ መሄድ አልችል። ቆንጆ ነበርሽ። አሁን እንግዲህ የቀረሽ ድምፅሽ ነው።" ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ የምልሽ፣ የልጄን ስም ጠርተሽው ነበር? ባሕር የበላውን። ጆሮዬ ነው መሰለኝ፣ አልሰማሁትም።"

"ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው እማማ።"

"ሰባተኛው ላይ?" ዶ ኦን ቺት ተከዙ። "እንግዲያው አሸልቤ ነዋ። ይቅር ይበለኝ። የገዛ ልጄ ሲጠራ።"

ዶ ዪን ሜይ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሦስቱን ገጾች ከቦርሳዋ አወጣች። አርባ አንድ ለጋሾች ናቸው፤ ሙታኑን አልቆጠረችም። ከዚያ ተነሥታ የማይክራፎን ገመድ ወደሚጠቀልለው ሰው መጣች። ዝርዝሩን የተየበውና ያተመው፣ ይህንንም የሚጽፈው፣ እሱ ነው። ያደረገችውን አንድም ሳትደብቅ ነገረችው።

"ነገ ገዳም የምሳ ግብዣ አለ" አለች። "እዚያ አርባ አንዱንም አነባቸዋለሁ። ቀስ ብዬ፣ አማቶቹን ሳልዘል። እማማን ከፊት አስቀምጣለሁ። ግን ዛሬ ለምን ቀረ ሲሉ፣ አንተ ገጾቹ ተጣብቀው ነበር በል። ቀለሙ ነው በል።"

"እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ አልዋሽም ብዬ አምስቱን የቡድሃ ሕግጋት ደግሜያለሁ።"

"እኔስ? እስከ ስድስተኛው ገጽ ድረስ ጠብቄያቸው ነበር።"

"እውነቱን ብትነግሪያቸው ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም።"

"መሳቂያ መሆኑንማ ሃያ ሰባት ዓመት ለመድኩት። እማማ ኦን ቺት ግን አይስቁም።" ገጾቹን መዳፉ ላይ አኖረችና ጣቶቹን አጠፈችለት። "እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? አንተን እኮ መዋሸት አያውቅም ይሉሃል። ያንን ስምህን ለነገ ብቻ አውሰኝ።"